ተርባን በቤትሽ ባለ ሻርፕ እንዴት ይታሰራል፦ የ1940ዎቹ ስታይል ደረጃ በደረጃ

ከድሮ የሴት ኮፍያዎች አንድ ብቻ ምረጪ ብባል እኔ ያለ ጥርጥር ተርባንን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሌላው ኮፍያ ሳይዝ አለው፣ ቅርፅ አለው፣ ለፊትሽ ይሄዳል አይሄድም ብለሽ ትጨነቂያለሽ፣ ተርባን ግን እዛው ራስሽ ላይ ነው የሚሠራው። ፀጉርሽ ረጅም ይሁን አጭር፣ ሹሩባ ይሁን አፍሮ፣ ጭራሽ ፀጉር ባይኖርሽም ጨርቁ እንዳንቺ ሁኔታ ይሆናል። እዚህ የማሳይሽ በ1940ዎቹ ሴቶች ያደርጉት የነበረውን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሦስት አሠራር አለ፣ አንዱ በአራት ማዕዘን ሻሽ፣ አንዱ በረጅም ሻርፕ፣ አንዱ ደግሞ ከአሮጌ ቲሸርት ተሰፍቶ። ወደ እጥፋቱ ከመሄዳችን በፊት ግን ለምን እንደዛ እንደሚታሰር ብታውቂ እጅሽ ቶሎ ይለምዳል።

ከየት መጣ

መነሻው ምሥራቅ ነው፣ ህንድ፣ ፋርስ፣ ቱርክ። አውሮፓ ውስጥም የቆየ ነው፣ የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቨርሜር በ1665 አካባቢ የሣላት የሉል ጉትቻ ያደረገችው ልጅ ራሷ ላይ ያለው ሰማያዊና ቢጫ ጥምጥም ነው፣ ሥዕሏ አሁንም ኔዘርላንድ ዘ ሄግ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ አለች። አሜሪካ ላይ ባሏ ከ1809 እስከ 1817 ፕሬዚዳንት የነበረው ዶሊ ማዲሰን በተርባኗ ነበር የምትታወቀው። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ዲዛይነሩ ፖል ፖይሬ በ1911 እንግዶቹ የምሥራቅ ልብስ የለበሱበት ትልቅ ድግስ ደግሶ ተርባንን ከላባ ጋር የሀብታም ሴቶች ፋሽን አደረገው።

አንድ ታሪክ ግን ሁሌም ልቤን ይነካዋል። በ1786 የዛሬዋን የአሜሪካ ግዛት ሉዊዚያናን የሚያስተዳድረው የስፔን ገዢ ሚሮ ጥቁርና ክልስ የሆኑ ነፃ ሴቶች ፀጉራቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ዓላማው ውበታቸው እንዳይታይ፣ ዝቅ ብለው እንዲታዩ ነበር። እነሱ ግን ደማቅ ጨርቅ መርጠው፣ ከፍ አድርገው ጠምጥመው፣ በጌጥ አሳምረው ወጡ፣ ትዕዛዙም ተከበረ ውበታቸውም ጨመረ። ተርባን ስታስሪ ይሄም ታሪክ አብሮሽ እንዳለ እወቂ።

ዛሬ ቪንቴጅ (የድሮ ስታይል) የምንለውን መልክ ያመጣው ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ ልብስ በኩፖን ሆነ፣ ኮፍያ ኩፖን ባይጠየቅበትም ዋጋው አይቀመስም ነበር። በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከ20 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ያላገቡ ሴቶች ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲጠሩ ሕግ ወጣ፣ ብዙዎቹም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ገቡ። የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የተለቀቀ ፀጉር አደጋ ነው፣ ይይዝሻል ይጎትትሻል። አሜሪካም ያው ነበር፣ አንድ ዓይኗን በሚሸፍነው ረጅም ፀጉሯ የታወቀችው ተዋናይት ቬሮኒካ ሌክ የፋብሪካ ሴቶች እሷን እያዩ ፀጉራቸውን እንዳይለቁ በ1943 መንግሥት ጠይቋት ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች። ሁላችንም የምናውቀው ክንዷን ያጠፈችው ሴት ፖስተርም የዛው ዓመት ነው፣ ሠዓሊው ጄ ሃዋርድ ሚለር ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ የሠራው፣ ራሷ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ሻሽ ከፊት ተቋጥሯል።

ጀርመን በያዛት ፓሪስ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ሳሙና የለም፣ ፀጉር ቤት መሄድ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ተርባን ኮፍያም የፀጉር አሠራርም ሆነ። ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ ሲሞን ደ ቦቯር በዛ ጊዜ ማድረግ ጀምራ ከጦርነቱ በኋላም አልተወችውም። ከዛ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር ላይ ታዪው ነበር፣ በ2007 የጣሊያኑ ፋሽን ቤት ፕራዳ በሳቲን መልሶ አወጣው። ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፣ የፋብሪካው ተርባን ምንም የሚንጠለጠል ጫፍ የለውም፣ ሁሉም ተሸጉጧል፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲባል መፈታት የለበትም። እኛም የምንሠራው በዛ ልክ ነው።

ጨርቁ

ሰው ሁሉ ቋጠሮው ላይ ያተኩራል፣ እኔ ግን ግማሹ ሥራ ጨርቅ መምረጥ ነው እላለሁ። ተርባን ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፣ የጨርቁ ነው። ለጀማሪ ሳሳ ያለ ጥጥን የሚያክል የለም፣ ቋጠሮው ይይዛል፣ በታጠበ ቁጥር ደግሞ እየለሰለሰ ይሄዳል። ክሬፕም ጥሩ ነው። ሳቲን፣ ሐርና ፖሊስተር ያምራሉ ግን ራሳቸውን ችለው አይቆሙም፣ ከሥር የሚይዛቸው ይፈልጋሉ። ወፍራም ጨርቅ ይቅርብሽ፣ ቋጠሮው ግንባርሽ ላይ እብጠት ነው የሚሆነው።

መጠኑን ሳትለኪ አትጀምሪ። አራት ማዕዘን ሻሽ በየጎኑ 90 ሴንቲሜትር ይሁን። ሂሳቡን ላሳይሽ፣ 90 በ90 የሆነ ሻሽ ከጥግ ጥግ በሰያፍ 127 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ የብዙ ሴት ራስ ዙሪያ ከ54 እስከ 58 ነው፣ ስለዚህ ለቋጠሮና ለመሸጎጫ 70 ገደማ ይተርፍሻል። 70 በ70 የሆነው ሻሽ ግን ሰያፉ 99 ብቻ ነው፣ ይቋጠራል እንጂ የሚሸጎጥ ብዙ አይተርፍም፣ ፀጉርሽ ብዙ ከሆነማ ጭራሽ አይበቃም። ረጅም ሻርፕ ከሆነ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ ከ60 እስከ 70 ይሁን። ጠባብ ሻርፕ አናትሽን አይሸፍንም።

በነጠላ ይሆናል ወይ ካልሽ፣ ሙሉ ነጠላ ይበዛል፣ ራስሽ ላይ ይከመራል። ግን የሻርፑን ልክ ሰጥተሽ ከሽማኔ ጥለት ያለው ስስ ጨርቅ ካሠራሽ፣ ጥለቱን በግንባር በኩል አውለሽ ስታስሪው ከሐበሻ ቀሚስ ጋር በጣም ነው የሚያምረው፣ ለሰርግ ለመልስ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ግን ነጠላሽን እንደ ወጉ ተከናነቢ፣ የሁለቱ ቦታ ለየብቻ ነው።

ፀጉርሽን አዘጋጂ

የ1940ዎቹን መልክ ከፈለግሽ ፀጉርሽን ዝቅ አድርገሽ ማጅራትሽ ላይ እሰሪው፣ አናትሽ ለጥ ይላል፣ ከፍታው ከፊት ከቋጠሮው ይመጣል። ከፍ ያለ ተርባን ከፈለግሽ ደግሞ አናትሽ ላይ ሰብስቢው። ሹሩባ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው፣ ጨርቁን አንቆ ይይዘዋል። በጣም ለስላሳ የሆነ ፀጉር ወይ ዊግ ካለሽ ከሥር ሰፋ ያለ የከፋይ ማሰሪያ ወይ ስስ የጥጥ ኮፍያ አድርጊ፣ ከፋይ ጨርቅ አያንሸራትትም።

ቅቤ ወይ ዘይት የተቀባ ፀጉር ላይ ሐር አታድርጊ፣ እድፉ አይለቅም። ለቅቤ ቀን በቀላሉ የሚታጠብ የጥጥ ሻሽ ለይተሽ አስቀምጪ። በሌላው ቀን ግን ጥጥ ፀጉር ያደርቃል፣ የፀጉርን ወዝ ይመጥጣል፣ ስለዚህ በየቀኑ የምታደርጊ ከሆነ ከሥር ስስ ሳቲን ኮፍያ ከውጭ ጥጥ ብታደርጊ ፀጉርሽም ይጠበቃል ተርባኑም ይቆማል። ሳቲኑ እንዳይንሸራተት ግራና ቀኝ በፀጉር ፒን አስይዢው።

አንደኛው፦ የፋብሪካው ቋጠሮ

ሻሹን በሰያፍ አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው። የታጠፈውን ረጅም ጠርዝ ማጅራትሽ ላይ፣ ፀጉርሽ ከሚያልቅበት ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፣ ሹሉ ጫፍ አናትሽን አልፎ ግንባርሽ ላይ ይውደቅ። ጎንበስ ብለሽ ብትሠሪው ይቀላል፣ ጨርቁ ራሱ ወደ ፊት ይወርዳል። ሁለቱን ረጃጅም ጫፎች ከጆሮሽ በላይ አድርገሽ ወደ ፊት አምጪያቸውና ከግንባርሽ ከፍ ብሎ፣ በወደቀው ሹል ጫፍ ላይ፣ አንድ ጊዜ ቋጥሪ።

እዚህ ጋ ቆም በይ። የተርባኑ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ የመጀመሪያ ቋጠሮ ነው። ጫፎቹን ወደ ጎን፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ነው የምትስቢው። ወደ ላይ ከሳብሽ የማጅራትሽ ጠርዝ አብሮ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሻሹ ከኋላ ይወልቃል። ከሳብሽ በኋላ ቀና በዪና ራስሽን ግራ ቀኝ አዟዙሪ፣ ጨርቁ አብሮሽ ከዞረ ጥሩ፣ ራሱን ችሎ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ሳቢ። በጣምም አታጥብቂ፣ ጣትሽ በጨርቁና በቆዳሽ መሃል መግባት አለበት። አጥብቆ የታሰረ ነገር በየቀኑ ከሆነ የግንባር ፀጉር ይጨርሳል፣ ይሄን በሹሩባ የምናውቀው ነው።

አሁን ሁለተኛውን ቋጠሮ ቋጥሪ። ቀጥሎ ግንባርሽ ላይ የተንጠለጠለውን ሹል ጫፍ አንስተሽ በቋጠሮው ላይ ወደ ኋላ መልሺው፣ ቋጠሮውን ከሸፈነ በኋላ ከጀርባው ሸጉጪው። የቀሩትን ሁለት ጫፎች ትንሽ እየጠመዘዝሽ ግራና ቀኝ ባለው እጥፋት ውስጥ አስገቢ። አለቀ። ለስለስ ያለ መልክ ከወደድሽ ከፊት ያለውን ፀጉርሽን ከመጀመሪያው ውጪ ትተሽ ከርል አድርጊው፣ ያኔ ብዙ ሴቶች ከተርባኑ ሥር ቢጉዲናቸውን እንደጠቀለሉ ሥራ ውለው ማታ ፈትተው ይወጡ ነበር።

ሁለተኛው፦ በረጅም ሻርፕ፣ የተጠላለፈው

ይሄ ለቢሮ፣ ለራት፣ ለሰርግ የሚሆነው ነው። ሻርፑን መሃሉን ፈልጊና ማጅራትሽ ላይ አድርጊ፣ ጎንበስ በዪ፣ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ፊት ሳቢውና አናትሽን አልፎ የፀጉርሽ መነሻ ጋ ይድረስ። ሁለቱን ጫፎች ግራና ቀኝ ሰብስበሽ በእጅሽ ጨብጪ፣ ስትሰበስቢ እጥፋቶቹን አስተካክዪ፣ ዝም ብለሽ ከጨበጥሽው አናትሽ ላይ የተጨማደደ ነገር ይሆናል። ግንባርሽ መሃል ላይ ቀኙን በግራው ላይ አሳልፈሽ አንድ ሙሉ ዙር አጠላልፊያቸው፣ ቋጠሮ የለም፣ መጠላለፍ ብቻ። ከዛ የቀኙ ጫፍ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ተመልሶ ከጆሮሽ በላይ ወደ ኋላ ይሂድ። ማጅራትሽ ላይ ሁለቴ ቋጥሪና ጫፎቹን ከሥር ሸጉጪ።

ሻርፑ 180 ከሆነ በየጎኑ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይተርፍሻል፣ 150 ከሆነ ቋጠሮ ብቻ። ጫፉ አልሸጎጥ ካለሽ ትንሽ መርፌ ቁልፍ ከውስጥ በኩል አድርጊበት። መጠላለፉ ትክክል መሃል መሆን የለበትም፣ እንዲያውም ወደ አንዱ ዓይን በኩል ትንሽ ሲያዘነብል ፊትን ያሳምራል፣ በተለይ ፊቷ ክብ ለሆነች። ግንባርሽ ጠባብ ከሆነ ጠርዙን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጊው፣ ሰፊ ከሆነ ወደ ቅንድብሽ አውርጂው። እዚህ ላይ መስታወት ከማንም ይበልጣል፣ የኔንም ቃል ጨምሮ።

ከፍታ ካነሰሽ ከመጠላለፉ ሥር የተጠቀለለ ስቶኪንግ ወይ ትንሽ ሻሽ ክተቺበት። ብሮሽ ካለሽ መጠላለፉ ላይ ሰኪው፣ አንድ ይበቃል። ጉትቻ አድርጊ፣ ትልቅ የአንገት ሐብል ግን ተይው፣ ተርባን ከፍ ብሎ አንገትን ስለሚያሳይ ባዶው አንገት ነው የሚያምረው። አንገትሽን የምትሸፍኚ ሙስሊም እህቴ ከሆንሽ ከሥር ኮሌታው ረጅም የሆነ ስስ ሹራብ ያስኬዳል። እስራኤል ላሉት ያገቡ ሃይማኖተኛ እህቶቼም ይሄኛው አሠራር ፀጉርን ከፊት እስከ ማጅራት ስለሚሸፍን ይመቻል።

ሦስተኛው፦ ከቲሸርት የሚሰፋ

በየጊዜው ማሰር ለማትወድ። የማትለብሺው የሚለጠጥ የጥጥ ቲሸርት ፈልጊ፣ ከሱ ርዝመታቸው 50 ስፋታቸው 25 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጪ፣ የሚለጠጠው በርዝመቱ በኩል ይሁን፣ ይሄን ከሳትሽ ራስሽ ላይ አይገባም። ሁለቱን በመስቀል ቅርፅ አነባብሪያቸው። የታችኛውን ሁለት ጫፎች አንስተሽ በላይኛው ላይ አጣጥፊ፣ የላይኛውንም ሁለት ጫፎች በተቃራኒው አቅጣጫ አጣጥፊ፣ አሁን መሃል ላይ ተቆላልፈዋል። በየጎኑ ያለውን ጥንድ ጫፍ አንድ ላይ ሰብስበሽ አራቱንም ከኋላ አገናኝተሽ ስፊ። የእጅ መርፌ ይበቃል፣ እንዲህ ዓይነት ጨርቅ ጠርዙ ስለማይተረተር መዘምዘም አያስፈልገውም። ልኩ ከራስሽ ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ሲያንስ ነው ጥሩ፣ ሲለጠጥ ይይዛል። አናቱ ክፍት ነው፣ ለአፍሮ ይመቻል።

በሕክምና ምክንያት ፀጉሯ ለሄደባት እህት የምትሠሪ ከሆነ ግን አሠራሩን ቀይሪ። አናት የሚሸፍን ያስፈልጋታል፣ ስለዚህ ከዛው ጨርቅ ስስ ኮፍያ ሰፍተሽ መጠላለፉን ከፊቱ ላይ ስፊበት። ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ቆዳዋ በኩል ምንም ጎርበጥ የሚል ነገር አይኑር፣ ከማጅራት ቋጠሮ አታድርጊ ምክንያቱም ስትተኛ ይቆረቁራታል፣ ጨርቁንም ሳትሰፊ በፊት ሁለት ሦስቴ እጠቢው እንዲለሰልስ። ቀለሙን እሷ ትምረጥ።

የተሰፋ የድሮ ተርባን ከገዛሽ

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ኢቤይ ወይ ኤትሲ በሚባሉት የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ፣ ወይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከ1940ዎቹ እስከ 60ዎቹ የተሰፉ ተርባኖች ታገኛላችሁ፣ እነዚህ ራስ ላይ የሚጠመጠሙ አይደሉም፣ ተጠምጥመው በጠንካራ መረብ ላይ የተሰፉ ናቸው። ስትገዢ መጀመሪያ ውስጡን አዪ። ዙሪያውን የተሰፋችው ሪባን ላይ የላብ እድፍ አለ? የብል ቀዳዳ አለ? ሻጩን የውስጥ ፎቶ ጠይቂው፣ የውስጥ ዙሪያውንም በሴንቲሜትር ለክቶ ይንገርሽ። ትንሽ ከሰፋሽ ከሪባኑ ሥር ተጨማሪ ሪባን ወይ ስስ ስፖንጅ ስፊበት፣ ከጠበበሽ ግን አትግዢ፣ መረቡ አይለጠጥም።

እንደዚህ ያለውን ውሃ ውስጥ አትንከሪ፣ መረቡን ያቆመው ሙጫ ይሟሟና ቅርፁ ይጠፋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፣ የተጨማደደውን ከፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ራቅ አድርገሽ እያሳየሽ በጣትሽ አስተካክዪ። ሱፍ ሆኖ ብል ከጠረጠርሽ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው፣ ስታወጪ ፌስታሉን ሳትከፍቺ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂ፣ አለበለዚያ ጤዛው ያረጥበዋል።

አጠባና አቀማመጥ

ጥጡን ለብ ባለ ውሃ በእጅ፣ ሐሩን በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሻምፑ እጠቢ፣ ሐር አይጠመዘዝም፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን ተጫኚው። ቀይና ጥቁር ሻሽ መጀመሪያ ለብቻው ይታጠብ፣ ቀለም ይለቃል። ጥጥ ትንሽ እርጥበት እያለው ብትተኩሺው እጥፋቱ ቀጥ ይላል፣ ላዩ ላይ የፊት ቅባትና ፓውደር የሚነካውን የግንባር ጠርዝ ደግሞ ከመታጠቡ በፊት በሳሙና ለብቻ እሺው። ሻሾችን አጥፎ ከመደርደር ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል፣ የእጥፋት መስመር አይሠራባቸውም። የተሰፋውን ተርባን ግን ውስጡን በነጭ ወረቀት ሞልተሽ በካርቶን ውስጥ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጪ፣ ጋዜጣ አትጠቀሚ፣ ቀለሙ ሪባኑ ላይ ይተላለፋል።